የሾፌራችን መልቀቂያ

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ከሾፌሮቻችን አንጋፋው ከትራንስፖርት ኃላፊው ጋር መጡና ሦስት መስመር የማትሞላ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «በግል ምክንያት ሥራዬን በራሴ ፈቃድ ስለምለቅ መሸኛ እንዲሰጠኝ» ትላለች። ማመልከቻውን ያረቀቀላቸው ኃላፊው ራሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መኪናዋ ቆማበት ምትክ ሾፌር ለማስቀጠር ቸኩሏል፣ ሽማግሌውንም ያለ ብዙ ጣጣ የሸኛቸው መስሎታል።

«ጋሼ፣ ምን አገኘዎት?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ነው ልጄ። ግላኮማ ነው አሉኝ። ከጎን የሚመጣው አይታየኝም። ሰው ገጭቼ ከምዋረድ በክብር ልሂድ ብዬ ነው።»

ማመልከቻውን ወደ መዝገብ ቤት ሳልመራ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩና የግል ማኅደራቸውን አስመጣሁ። ዕድሜያቸው 49 ነው። እርሳቸው 26 ዓመት አገልግያለሁ ይላሉ፤ ማኅደሩ ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በጊዜያዊነት መቀጠራቸውን ያሳያል። ለጡረታ የሚታሰበው የቋሚነቱ 22 ዓመት ብቻ ሆነ።

ያኔ ይሠራበት የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ነው (ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል)። በዚያ ሕግ እንደ እርሳቸው 22 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ የጡረታ አበሉን የሚያገኘው 60 ዓመት ሲሞላው ነው። ሾፌራችን በዚያች ወረቀት ቢሄዱ ኖሮ ማየት በተሳነው ዓይን 11 ዓመት ያለ ሳንቲም ሊጠብቁ ነበር። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ለሥራው የሚፈለገውን ጤና ባለማሟላቱ የተሰናበተ ግን ዕድሜው ሳይጠየቅ የጤና ጉድለት ጡረታ ይከፈለዋል። 10 ዓመት ያልሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ዳረጎት ይቀበላል።

ስሌቱን በወረቀት ላይ አሳየኋቸው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፤ ድምሩ 45 በመቶ። የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዛቸው 2,000 ብር ገደማ ስለነበር በወር 900 ብር ይደርሳቸዋል። ዝም ብለው አዩት። የሾፌር ኑሮ የሚደጎመው በውሎ አበል ነው፤ ጡረታ ደግሞ የሚያውቀው መደበኛ ደመወዝን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ሕክምና ቦርድ ላክናቸው፤ ዋናው ጣጣ የመጣውም እዚያ ነው። ቦርዱ የጻፈው «ማሽከርከር አይችሉም፤ ቀላል ሥራ ቢሰጣቸው» ብሎ ነው። ኃላፊው ወረቀቱን እንዳየ «አለቀ፣ ይሰናበቱ!» አለ። አላለቀም። ማሽከርከር የማይችል ሰው ሁሉ ሥራ አይችልም ማለት አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ጤናቸው ወደሚፈቅደው ሌላ ሥራ ሊያዛውራቸው ይገባል። ስለዚህ ሥምሪት ክፍል ተመደቡ፤ የመኪና ቁልፍ ይረከባሉ፣ የነዳጅ ኩፖን ይመዘግባሉ። ወራት ሳይቆይ የኩፖኑ ቁጥር ራሱ አልነበብ አላቸው። የሕመም ፈቃድ ተከተለ፤ በጊዜው በነበረው የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ ቁጥር 515/1999 በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስምንት ወር ይሰጣል፤ ሦስቱ በሙሉ ደመወዝ፣ ሦስቱ በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ያለ ክፍያ። ሲያልቅ ቦርዱ ለሥራ ብቁ አለመሆናቸውን አረጋገጠ።

በመሃል አንድ የሒሳብ ባልደረባችን ምክር ይዞ ብቅ አለ፤ «የመስክ አቧራና ፀሐይ ነው ያጠፋቸው ብላችሁ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አድርጉት፤ የጉዳት ጡረታ 47 በመቶ ነው።» ልዩነቱን አሰላነው፤ 40 ብር ገደማ። ለ40 ብር ሲባል ሐኪም ያልጻፈውን መጻፍ ሙሉውን ጥያቄ ገደል መክተት ነበር። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም፤ ፊርማው ግን የትም ወረቀት ላይ አይገኝም።

የስንብት ደብዳቤው ሲዘጋጅ ጸሐፊዋ የቆየውን ቅጽ ገልብጣ «ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት» ብላ ጀመረችው። በዚያ አጻጻፍ ለማኅበራዊ ዋስትና ኤጀንሲ ቢላክ የሚነበበው እንደ ፈቃድ መልቀቂያ ነው። «በሕክምና ቦርድ በተረጋገጠ የጤና ጉድለት ምክንያት» ተብሎ እንደገና ተተየበ። ይህን ጊዜ የተቃወሙት ሾፌራችን ራሳቸው ናቸው።

«ጉድለት የሚለው ይቅርልኝ፤ ልጆቼ ያነቡታል።»

«ጋሼ፣ ገንዘቡ የሚከፈልዎት በእሱ ነው።»

ብዙ ቆይተው ፈረሙ።

አበሉ ከተወሰነላቸው በኋላ የልጃቸውን ክንድ ይዘው መጡ። ለምስጋና መስሎኝ ነበር፤ «አራቱ ዓመቴ የት ገባ?» አሉኝ። ቢታሰቡ ኖሮ 50 በመቶ፣ ማለትም 1,000 ብር በሆነላቸው ነበር። ሕጉን ነገርኳቸው፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ መዋጮ አልተቆረጠለትም፣ መዋጮ የሌለው አገልግሎት አይቆጠርም። «ያኔም ያችኑ ላንድሮቨር ነው የነዳሁት» አሉ። በሕጉ ልክ ነበርኩ፤ በፍርድ ግን እርሳቸው ይበልጡኛል ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ።