የቁርስ ፒዛ በእናቴ ምጣድ፦ የሁለት ወር ሙከራ

ቤታችን ኦቭን የለም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ኩሽና። ያለን አንድ ትንሽ ስቶቭና የእናቴ ምጣድ ነው።

"እሁድ ጠዋት ለቁርስ ፒዛ ልሠራ ነው" ስላት እናቴ ሳቀች። ፒዛ መሆኑ አልገረማትም። ፒዛማ የጾሙም የፍስኩም በየካፌው አለ። "ለቁርስ?" ነው ያለችው። እህቴም ቀበል አድርጋ "ፍርፍር ምን በደለህ?" አለችኝ። ምንም አልበደለኝም። ግን ፈጢራ በእንቁላል እየበላን ላደግን ሰዎች ሊጥ ላይ የተቀመጠ እንቁላል ብርቅ ሊሆንብን አይገባም ባይ ነኝ።

የመጀመሪያውን በመጥበሻ ሞከርኩት። ስለሱ ባላወራ ይሻላል። ታቹ ከሰል፣ ላዩ ሊጥ።

ከዚያ ዓይኔ ምጣዱ ላይ አረፈ። ሳስበው ምጣድ ማለት ከሥሩ የሚግል ሽቦ ያለው ሰፊ ሸክላ ነው። የጣልያኖቹ የፒዛ ኦቭን ወለልም ጡብ ወይም ድንጋይ ነው። ሙቀት አምቆ ይይዝና ሊጡን ከሥሩ ቶሎ ያበስለዋል። ልዩነቱ የናፖሊው ኦቭን ከ430 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ውስጥ ይወጣል። የእንጀራ ምጣድ 200 ዲግሪን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ደግሞ የናፖሊው ከላይም ሙቀት ይለቃል። ምጣድ ከላይ ያለው አክንባሎ ብቻ ነው። ይቺን "ከላይ" የምትለዋን ነገር ያዙልኝ። ስታሰቃየኝ የከረመችው እሷ ናት።

መጀመሪያ ግን ሊጡ። ያገኘሁት የውጭ አገር አሠራር ለ500 ግራም ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾ ይላል። ማታ 3 ሰዓት ላይ አቡክቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሊጡ ክዳኑን ገፍቶ፣ ከሳህኑ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሽታው ጠላ ጠላ ይላል። እህቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችና "ይሄ ፒዛ ነው ድፍድፍ?" አለች።

ጥፋቱ የኔም የከተማዋም ነው። ያ ሁሉ እርሾ በአንድ ሁለት ሰዓት ለሚጋገር ሊጥ እንጂ ለሚያድር ሊጥ አልነበረም። ይህ የኔ ነው። የከተማዋ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል። ውሃ እንኳን እኛ ጋ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው የሚፈላው። እና ቆላ ላይ ወይም ባሕር ዳርቻ የተጻፈን ልክ እንዳለ ወስዶ አራት ኪሎ ላይ መሥራት መሸወድ ነው።

አሁን የምሠራበት ልክ ይሄ ነው፦ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 325 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ። አነሰ ብላችሁ እንዳትጨምሩ። ሌሊቱ ይሠራዋል። ብዙም አላሽም። ቀላቅዬ አሥራ አምስት ደቂቃ አሳርፈዋለሁ፣ ከዚያ እጄን ውሃ ነክሬ ሦስት አራቴ አጣጥፈዋለሁ፣ ከድኜ እተኛለሁ። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አላስፈለገኝም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሦስት ቦታ ከፍዬ አድበለብለውና አንድ ሰዓት ያህል እተወዋለሁ። በጣም የሚበርድ ሰሞን ከሆነ እርሾውን በትንሹ ከፍ አደርጋለሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ግን አይሞላም።

ሁለተኛው እሁድ ላይ እናቴ ሥላሴ ልታስቀድስ ስትወጣ ጠብቄ ምጣዱን ሰካሁ። አዎ፣ ሳላስፈቅድ። ሊጡን ዘርግቼ ስልሱን፣ ፕሮቮሎኔ ቺዙንና እንቁላሉን ሰፌድ ላይ ደረደርኩና ወደ ምጣዱ ላንሸራትት ስል አልወርድም አለ። ተጣብቋል። ነቅነቅ ሳደርገው ሊጡ ባለበት ቀረና ከላይ ያለው በሙሉ ተንሸራቶ ምጣዱ ላይ ፈሰሰ። ቺዙ ተንጣጣ። እንቁላሉ ከምጣዱ ጠርዝ ወርዶ መሬት ደረሰ። በቢላ ፋቅሁ፣ በጨርቅ ጠረግሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ቡና ሳይፈላ ዕጣን አጨስኩ። እናቴ ገብታ "ምን ተገኘ?" አለች። "እሁድ አይደል" አልኳት።

ማክሰኞ እንጀራ ስትጋግር ጉዱ ወጣ። የመጀመሪያው እንጀራ ያዘ። ዓይኑ አምሯል፣ ጠርዙ ተነስቷል፣ መሃሉ ግን አልለቅ አለ። ሰፌዱን ስታስገባ ተቦጨቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ዞር ብላ ዝም ብላ አየችኝ። "ምጣዴን ገደልከው" አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፣ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። ያን ምሽት ምጣድ ማሟሸት ተማርኩ። የተፈጨ ጎመን ዘር እየነሰነሱ፣ በማሰሻ እያሹ፣ ጭሱ እያስነጠሰ፣ እንደገና፣ እንደገና። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ።

ከዚያ ተደራደርን። ፒዛው ከእሁድ ወደ ቅዳሜ ዞረ፣ እሷ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ። ይሄ በነገራችን ላይ ለኔም ጠቀመኝ። የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ምጣዱ በደንብ ግሏል፣ መብራትም ይቆጥባል። ሁለተኛው ውል፣ በሁዳዴ አይብ የሚባል ነገር ምጣዱ ዘንድ አይደርስም። 55 ቀን ሙሉ ስልስ፣ ድንች፣ እንጉዳይና ቃሪያ ብቻ። እስማማለሁ፣ የጾም ፒዛ በደንብ ከተሠራ ምንም አይጎድለውም።

የሰፌዱን ችግር የፈታሁት በበቆሎ ዱቄት ነው። የስንዴ ዱቄት ብትነሰንሱ ከሊጡ እርጥበት ጠጥቶ ሙጫ ይሆናል። የበቆሎው ሻካራ ስለሆነ ከሥሩ እንደ ጠጠር ይንከባለላል። ደግሞም ሰፌዱ ላይ ባዶ ሊጥ ብቻ ነው የማስቀምጠው፣ ሌላው የሚጨመረው ምጣዱ ላይ ነው። ለእንጀራ ሰፌዱን ከሥር አስገብተን እናወጣለን፤ ፒዛ ደግሞ ከሰፌዱ ወርዶ ይገባል። እጄ ነገሩ ተገላብጦበት ስለነበር ሁለት ቅዳሜ በባዶ ፎጣ ተለማመድኩ። እህቴ ቪዲዮ አንስታኛለች። አላሳያችሁም።

አሁን ወደዚያች "ከላይ" ልመለስ። ሊጡ ከሥር በአምስት ደቂቃ ይበስላል። ቺዙ ቀልጧል። እንቁላሉ ግን ነጩ ገና ውሃ ነው፣ ሲነካ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ይቆይ ስል ከሥር ያራል። አክንባሎውን ቀድሜ አጋልኩት፣ ብዙም ለውጥ የለም። እንቁላሉን ለብቻው ጠብሼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ይበላል፣ ግን እንቁላል ጥብስ በዳቦ ነው እንጂ ፒዛ አይደለም።

አምስተኛው ሙከራ ላይ እናቴ በሩን ተደግፋ ታየኝ ነበር። "ቂጣ ስትጋግር አትገለብጥም እንዴ?" አለች።

በቃ። መልሱ ይሄው ነበር። ሊጡን ባዶውን ምጣዱ ላይ ታሳርፉታላችሁ፣ ትከድናላችሁ። ሁለት ደቂቃ ላይ ፊቱ ያባብጣል፣ ታቹ ነብር ይመስል ጠቆር ጠቆር ይላል። ትገለብጡታላችሁ። አሁን የበሰለው ፊት ከላይ ሆነ። ስልሱም ቺዙም እንቁላሉም የሚያርፉት እዚህ የበሰለ ፊት ላይ ነው። ጥሬ ሊጥ ከላይ ስለሌለ እንቁላሉን ብቻ መጠበቅ ነው የሚቀራችሁ። ሁሉን ደርድሬ ከከደንኩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ምጣዱን አጠፋዋለሁ። ሸክላው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ከሥር ሳያር በዝግታ ይጨርሰዋል፣ ከላይ ደግሞ የታፈነው እንፋሎት እንቁላሉን ያረጋዋል። አራት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

አንድ ጣጣ አለው። የኛ አክንባሎ አሉሚኒየም ስለሆነ ያልበዋል፣ ላቡም ፒዛው ላይ ይንጠባጠባል። መሃል ላይ አንዴ ቀጥ አድርጌ አነሳና ውስጡን በደረቅ ፎጣ ጠርጌ ቶሎ እመልሰዋለሁ። ዘንበል ካደረጋችሁት ውሃው ሁሉ መሃሉ ላይ ነው የሚወርደው።

እንቁላሉን በቀጥታ አትስበሩ። ሲኒ ውስጥ ስበሩት። በማንኪያ ጀርባ ቺዙ መሃል ጎድጎድ ያለ ቦታ አበጁ፣ ሲኒውን ወደ ሊጡ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱት። አስኳሉ መሃል ይቀመጣል፣ ነጩ ቺዙ እስካለበት ሄዶ ይቆማል። ለአንድ ፒዛ ሁለት ይበቃል። ሦስት ካደረጋችሁ ነጩ ጠርዙን አልፎ ምጣዱን ይነካል፣ የኔን ማክሰኞ ታስታውሳላችሁ።

ቲማቲሙን በጥሬው አትጨምሩ። የጉሊት ቲማቲም ሲቆረጥ ውሃ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ቲማቲሙን ጨምሬ፣ ዘይቱ ከዳር ዳር ወጣ እስኪል ድረስ ደረቅ ያለ ስልስ እሠራለሁ። ማታ ተሠርቶ ያድራል። ትኩሱን ከቀባችሁት ሊጡ ይረጥባል። በርበሬ አልጨምርም፣ እዚህ ላይ ከእህቴ ጋር አንግባባም።

አይብ ሞክሬአለሁ። ከአሬራ የሚወጣው የኛ አይብ እሳት ሲያገኘው አይቀልጥም። ውሃውን ይተፋና እንደ ፍርፋሪ ይደርቃል። አረጋጉ እንደዚያ ነው፣ የአይቡ ጥፋት አይደለም። ፕሮቮሎኔ በሙቅ ውሃ እየተሳበ ስለሚሠራ ሲሞቅ ይለጠጣል። አይቡን የምወደው ፒዛው ከወጣ በኋላ ነው፦ በማንኪያ ጠብ ጠብ፣ ላዩ ላይ በቀጭኑ የተከተፈ ቃሪያና ቁንጥር ሚጥሚጣ። ትኩስና ቀዝቃዛ አብሮ አፍ ውስጥ ሲገባ በጣም አሪፍ ነው። ጥብስ ቅጠልም ጣል አድርጌ ነበር፣ ቤቱ በሙሉ ሥጋ ጥብስ ሸተተና ሁሉም ሥጋውን ጠየቀኝ። ትቼዋለሁ።

አሁን ያልተፈታው ሦስተኛው ሊጥ ነው። የመጀመሪያው ያምራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሦስተኛው ግን ተራውን ሲጠብቅ፣ ኩሽናው በምጣዱ እንፋሎት ስለሚሞቅ፣ ያለልክ ተነፍቶ ስነካው ይሟሽሻል። ስዘረጋው ይቀደዳል። በረንዳ ላይ ላቆየው ብዬ ነበር፣ ቁራ ፎጣውን ገልጦ ደረሰበት። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ለቡና መጥተው ያቺ የተቀደደችው ደረሰቻቸው፣ "ምንድነው እሱ፣ ቂጣ ፍርፍር?" ብለው በሏት። ሊጡን አንድ ላይ አድበልብሎ ተራ በተራ የሚያቆይበት ዘዴ ያለው ካለ ይንገረኝ። ፍሪጃችን በሽሮና በወጥ ድስት ሞልቷል፣ እሱን እንዳትሉኝ።