ኢሜይሉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት
ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው የወንጀል ልቦለዴ ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ኢሜይል ከአሳታሚው ደረሰኝ፣ ሦስት ጊዜ ነው ደጋግሜ ያነበብኩት፣ ተመስገን። ማታ ደግሞ አንድ አጭር ልቦለድ ኪንድል ላይ (የአማዞን የዲጂታል መጽሐፍ መሸጫ) ለቀኩ። ለምን በዲጂታል ለምትሉኝ፣ ታዋቂው የልቦለድ መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ እንኳ በደንብ የታወቀው በፈረንጆቹ ከ1891 ጀምሮ መጽሔት ላይ በወጡት አጫጭር ታሪኮች ነው፣ የዛሬው መጽሔት ደግሞ ስልካችን ነው ብዬ ስለማምን ነው። ብሩን በተመለከተ፣ ኪንድል ላይ ዋጋው ዝቅ ካለ ስራ ለደራሲው የሚደርሰው ከመሸጫው 35 በመቶ ነው፣ 70 በመቶው ዋጋው ከፍ ላለው ነው፣ ስለዚህ ከገቢው ይልቅ ለቀጣዩ መጽሐፍ አንባቢ እንዲያመጣልኝ ነው የምፈልገው።

ከመልቀቄ በፊት ግን ፋይሉን ስልኬ ላይ ከፍቼ እንደ አንባቢ ሳነበው ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ቁልፉ በሩ ላይ ከውስጥ እንደተሰካ ነው፣ መጨረሻ አካባቢ ከሟቹ ኪስ ይወጣል! ኮምፒውተር ላይ ስንት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ። የወንጀል ታሪክ ላይ እንዲህ አይነት ስህተት አንባቢን መክዳት ነው፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ አስተካከልኩት። በሉ ያነበባችሁ ገዳዩን ላላነበበ ሰው እንዳትነግሩብኝ አደራ🙏