ዋጋ በውስጥ

ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፒያሳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ጎንደር ላይ ተረት ብቻ አይደለም፣ ወረፋ ነው። እኔ ጥልፍም ጥለትም አላውቅም። የተቀጠርኩት ለቴሌግራሙና ለቲክቶኩ ነው፤ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ አንድ ዓመት ቤት ከዋልኩ በኋላ።

የመጀመሪያ ክርክራችን በዋጋ ነበር። ከፎቶው ሥር ይጻፍ አልኩ። ዋጋ ያላየ ሰው ጠይቆ እስኪመለስለት አይጠብቅም፣ ጣቱን ሸርተት አድርጎ ያልፋል። እትዬ፣ ባለ ሱቋ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ሰውየውን ሳላየው ዋጋ ልናገር?»

በቃ። «ዋጋ በውስጥ» ብለን ለጠፍን።

ሰውየውን ማየት ያሉት የምራቸውን ነው። አንዱ «ስንት ነው?» ብሎ ሲጽፍ ስልኩን ይቀበሉኝና የፕሮፋይል ፎቶውን በሁለት ጣት ያጎሉታል። ከኋላው በረዶ ካለ 12,000። መኪና ውስጥ ሆኖ ከተነሳም 12,000። የማርያም ሥዕል ወይም አበባ ከሆነ 7,500፣ እሱም ሊቀነስ። የሚያስቸግራቸው ፋሲል ግንብ ሥር የተነሳው ነው። እንግዳም ይሆናል፣ የአዘዞ ልጅም ይሆናል። ቀሚሱ ግን ያው አንድ ቀሚስ ነው።

እኔ ይሄንን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ፒጉ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1920 ስም አውጥቶለታል። ሻጭ ገዢዎችን በሚታይ ምልክት ከፋፍሎ ለየቡድኑ የተለያየ ዋጋ ሲጠይቅ «ሦስተኛ ደረጃ የዋጋ መድልዎ» ይባላል። ፈተና ላይ የጻፍኩት ምሳሌ የተማሪ ባቡር ትኬት ነበር፤ ባቡር ተሳፍሬ ሳላውቅ። እትዬ ግን ስሙንም ሳይሰሙ በየቀኑ ይሠሩታል። ትንሽ አፈርኩ፣ ብዙ አደነቅኩ። ዘዴው እንዲሠራ በርካሽ የገዛው በውድ ለሚገዛው መልሶ መሸጥ መቻል የለበትም ሲሉ አስተምረውናል። ስለ ስክሪንሹት የነገረን የለም።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ልጅ መጣች። ሰላም ሳትል ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ስክሪንሹት። አንዱ ለእሷ የጻፍኩት፣ 7,500። ሌላው ካናዳ ላለች እህቷ የጻፍኩት፣ 12,000። ሁለቱም ላይ «የመጨረሻ ዋጋ ነው እህቴ» ብያለሁ። ሁለቱም ላይ ያችው ቀይ ልብ አለች።

«የቱ ነው የመጨረሻው?»

«ያንቺው ነው። እንደውም 7,000 ውሰጂው።»

«እህቴስ?»

«ለእሷም በ7,000 ይሁን።»

«ኧረግ! ትናንት 12,000 የነበረው ዛሬ 7,000 የገባው ምኑ ተቀዶ ነው?»

መልስ አጣሁ። ወደ እትዬ ዞርኩ። ነጠላ እያጠፉ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም።

«ልጅ ነው፣ ሲጽፍ ተሳስቶ ነው» አሉ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህቺ ናት። ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች፣ ስልኳን አንስታ ወጣች። ከጎረቤት ሱቅ ያንኑ የመሰለ በ8,200 እንደገዛች ከሰዓት ሰማን። 7,000 እጇ ላይ እያለ!

እ.ኤ.አ. በ1982 ቬርነር ጉት የሚባል ጀርመናዊ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳትሟል። አንዱ ገንዘብ ይሰጠውና ለሌላው ያካፍላል። ተቀባዩ እሺ ካለ ሁለቱም ይወስዳሉ፤ እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። በሒሳብ ከሄድን ሳንቲምም ቢሆን መቀበል ይሻላል። ሰው ግን ድርሻው ካነሰበት ጥሎት ይሄዳል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ። እሷ ደግሞ ከዚያም ባሰች። ድርሻዋ አላነሰባትም፤ ያነሰው የእህቷ ነው። ለዚያ 1,200 ብር ከኪሷ ከፈለች።

ማታ ሱቅ ስንዘጋ እትዬን ላጽናና ፈለግኩ። «አማዞንም እኮ በፈረንጆቹ 2000 ያንኑ ዲቪዲ ለተለያየ ሰው በተለያየ ዋጋ ሲሸጥ ነበር» አልኳቸው። «ደንበኞቹ እርስ በርስ ተጠያይቀው ደረሱበት። ትርፉን መለሰላቸው።»

«መለሰ?» አሉ፣ ቁልፉን እንደያዙ ቆመው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲደነግጡ አላየኋቸውም።

እኔ በማግሥቱ ዋጋ ፎቶው ሥር እንጽፋለን ብዬ ነበር። እሳቸው ሌላ መፍትሔ ይዘው አደሩ። «ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ የለም፤ ደውሉ በላቸው።» ስልኩን የሚያነሱት ራሳቸው ናቸው። ፎቶ ማጉላት ቀረ፤ አሁን ሰላምታው ውስጥ «ኦኬ» እና «ሶሪ» ስንት ጊዜ እንደገባ ነው የሚሰሙት። ለጥምቀት የቀረ ቀሚስ አልነበረም። እኔም ኮሚሽኔን ተቀበልኩና ክርክሩን ተውኩት።

ባለፈው ወር ያገለገለ ላፕቶፕ ስፈልግ ቴሌግራም ላይ አንድ ጥሩ አገኘሁ። ከፎቶው ሥር «ዋጋ በውስጥ» ይላል። ልጽፍለት ከጀመርኩ በኋላ ቆም አልኩ። ፕሮፋይሌ ላይ ያለሁት ጎሃ ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ ነው። አነሳሁትና አንድ ቀይ ጽጌረዳ አደረግኩበት። ከዚያ ጻፍኩ።

«ስንት ነው ወንድም?»