የሚዘምረው አዳራሽ

«ጄሪ ስፕሪንገር፦ ዘ ኦፔራ» የተባለውን የእንግሊዞች ሙዚቃዊ ተውኔት ሰሞኑን ከቀረጻው ተመለከትሁት። ከዚህ በፊት ስለ ሥራው የሰማሁት ሁሉ ስለ ስድቡና ስለ ድፍረቱ ስለነበር የጠበቅሁት ጫጫታ ነበር። ያገኘሁት ግን የባሮክ ዘመንን (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን) የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ሥርዓት ጠንቅቆ በሚያውቅ ሰው የተሠራ፣ ድምፅ ድምፅን እየተቀበለ የሚያድግ ዝማሬ ሲሆን፣ ቃሉ ደግሞ ሰው እናቱ ፊት ሊያወጣው የማይችለው ዓይነት ነው። ሁለቱ በአንድ መድረክ ላይ እንዴት ሊስማሙ ቻሉ የሚለው ነገር ከራሴ አልወጣ ስላለኝ እዚህ ላሰፍረው ወደድሁ።

ጄሪ ስፕሪንገር እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2018 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያቀርበው የነበረው ዝግጅት፣ ተራ ሰዎች ውስልትናቸውንና የቤታቸውን ጉድ በተመልካች ፊት የሚዘረግፉበት፣ ነገሩም ብዙ ጊዜ በግብግብ የሚያልቅበት መድረክ ነበር። በ2002 በዚያው አገር የሚታተም አንድ የታወቀ የቴሌቪዥን መጽሔት፣ ከታዩት ዝግጅቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው ብሎ ፈርዶበታል። ሙዚቀኛው ሪቻርድ ቶማስ ከኮሜዲያኑ ስቱዋርት ሊ ጋር ሆኖ ወደ ኦፔራ የለወጠው ይህንኑ ነው። ሥራው በ2001 በደቡብ ለንደን ባተርሲ በሚገኝ አነስተኛ የኪነ ጥበብ ማዕከል እንደ ሙከራ ተጀምሮ፣ በ2002 በኤድንብራ ፌስቲቫል ታይቶ፣ በ2003 የለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ገባ፤ ከዚያም የከተማዋ ታላላቅ የንግድ ቴአትሮች በሚገኙበት በዌስት ኤንድ እስከ 2005 መጀመሪያ ድረስ ቆየ። ታላቁን ኦፔራ ከመንገድ ዘፈን ጋር ማጋባት ለለንደን አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1728ም ሌቦችና ወህኒ ጠባቂዎች በሰፈር ዜማ የሚዘፍኑበት ኦፔራ ከተማዋን አነጋግሮ ነበር።

እኔን የያዘኝ ኮረሱ፣ ማለትም በኅብረት የሚዘምረው ቡድን ነው። በስቱዲዮው ወንበር ላይ የተቀመጡት ተመልካቾች የሚዘምሩት በአንድነት ነው፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ይስቁበታል፣ ይሰድቡታል፣ ስሙን በዜማ እየጠሩ ያዋርዱታል። በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በባሕ የማቴዎስ ሕማማት ውስጥ «ይሰቀል» እያለ የሚጮኸውን ሕዝብ የሰማ ሰው፣ ቶማስ ይህን አዳራሽ ከየት እንዳመጣው ሳይነገረው ያውቃል። በቴሌቪዥኑ ዝግጅት የተመልካቹ ጩኸት ከጀርባ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ስለነበር ማንም ልብ አይለውም፤ እዚህ ግን ጩኸቱ ኖታ ተጽፎለት፣ በአራት ድምፅ ተከፍሎ፣ በልምምድ ተጠንቶ ሲመጣ፣ ሰውን ማዋረድ ምን ያህል በኅብረት የሚሠራ ሥራ እንደሆነ ጆሮ ሊሸሸው አይችልም። በ2004 ሎረንስ ኦሊቪየር በተባለው የእንግሊዝ ቴአትር ሽልማት ላይ የሙዚቃዊ ተውኔት ምርጥ ደጋፊ ተዋናይ ሽልማት ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመላው ኮረስ መሰጠቱን ሳነብ፣ ዳኞቹም ያንኑ ሰምተዋል አልሁ።

ታላቅ እህቴ በዚያን ጊዜ ማድ ቤት ነበረች። እንግሊዝኛ የምትረዳ ቢሆንም በኦፔራ ድምፅ ሲዘፈን አይገባትም። ኮረሱ ከፍ ሲል በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አንተ ልጅ፣ የማነው መዝሙሩ? እንዴት ደስ ይላል» አለችኝ። «የፈረንጆች ነው፣ እትዬ» አልኋት። በዚያ ሰዓት ሠላሳ የሚጠጋ ሰው ተስማምቶ የሚዘምረው ቃል አንዲትን ሴት በእርጥባን የምትኖር ጋለሞታ እያለ የሚሰድብ ነበር። እህቴ ትንሽ ቆማ አዳመጠችና፣ «እንደዚህ ያለውን ነው ማዳመጥ» ብላ ተመለሰች። ልነግራት ከጅሎኝ ነበር፤ ተውሁት።

ስድቡን በሚመለከት ቴሌቪዥን ላይ ከመቅረቡ በፊት የተወራው ቁጥር ያስቀኛል። አንዳንድ ጋዜጦች በሥራው ውስጥ 8,000 ጸያፍ ቃል አለ ብለው ጻፉ፤ ለካ ኮረሱ በአንድ ላይ የሚዘምረውን አንዱን ቃል በዘማሪዎቹ ቁጥር እያባዙ ነው። ስሌቱ የተሳሳተ ቢሆንም እንደ ሂስ ከተወሰደ ከብዙዎቹ ትንታኔዎች ይልቅ ወደ ነገሩ ይቀርባል፤ ሥራው የሚያሳየን አንድ ስድብ በስንት አፍ ሊባዛ እንደሚችል ነውና።

ከእንግዶቹ መካከል ሻውንቴል የምትባል ሴት አለች። የምትመኘው በምሽት ክበብ በዘንግ ዙሪያ መደነስ ነው፤ ባሏ ይቃወማታል፣ እናቷ ትረግማታለች፣ አዳራሹ ይሳለቅባታል። በእውነተኛው ዝግጅት ላይ ቢሆን ቀልድ ሆና ታልፍ ነበር። እዚህ ግን አንድ ረጅም አሪያ፣ ማለትም ብቻዋን የምትዘፍነው የኦፔራ ዘፈን ተሰጥቷት፣ መደነስ ብቻ እንደምትፈልግ ስትዘፍን፣ ዜማው ሳያሾፍባት አብሯት ወደ ላይ ይወጣል። ምኞቷን አላከበርሁትም፤ ለቅሶዋን ግን አከበርሁት። ሙዚቃው የሠራውም ይህንኑ ይመስለኛል፤ ለንግሥታት የተሠራውን ልብስ ማንም ዞር ብሎ ለማያያት ሴት በልኳ ሰፍቶ አለበሳት።

የመጨረሻው ክፍል ሌላ ነው። ጄሪ በጥይት ተመትቶ ከሞት አፋፍ ላይ ሳለ፣ ዲያብሎስ ወደ ሲኦል ወስዶ እርሱን ከሰማይ ጋር የሚያከራክር ዝግጅት እንዲመራ ያስገድደዋል፤ እዚያም አዳምና ሔዋን፣ እመቤታችን፣ ጌታችንም ሳይቀሩ እንደ ስቱዲዮ እንግዳ ይቀርባሉ። ክርስቶስን የሚጫወተው ተዋናይ በመጀመሪያው ክፍል ዳይፐር መታጠቅ የሚወደውን ሰው የተጫወተው ራሱ ነው። የሥራው ወዳጆች፣ ይህ ሁሉ የሚሞት ሰው ቅዠት ስለሆነ ያያቸው ሰዎች ቅርጽ ለውጠው መመለሳቸው ነው ይላሉ፤ ክርክሩ ይገባኛል። እኔ ግን በስቅለት ዕለት ስሰግድ ያደግሁ ሰው ነኝና አመመኝ፤ መታመሜንም አላፍርበትም። ከእምነቴ ውጭ ሆኜ ስመዝነውም ክፍሉ እንደ ቴአትር ይደክማል። ሻውንቴልን ያገኘነው በእንባዋ ነው፤ እነዚህን ግን የምናገኛቸው በስድብ ልውውጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሙዚቃው የሚያነሣው ሰው አጥቶ በባዶ ይወጣል።

ቢቢሲ በጥር 2005 በሁለተኛ ጣቢያው ሲያሳየው ከ50,000 በላይ ቅሬታ ደረሰው፤ አብዛኛው የመጣው ገና ሳይታይ ነው። በስኮትላንድ አንድ የካንሰር ሕሙማን መርጃ ድርጅት ከትርኢቱ ሊሰጠው የነበረውን 3,000 ፓውንድ በተቃዋሚዎች ግፊት ሳይቀበል ቀረ፤ ይህን ሳነብ ከእነርሱ ወገን ቆጥሬው የነበረው ሕመሜ ወዲያው ተለያቸው። የእግዚአብሔርን ስም ማጥፋት ነው ተብሎ የቀረበውንም ክስ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2007፣ የ1968ቱ የቴአትር ሕግና የ1990ው የስርጭት ሕግ እንዲህ ያለውን ክስ አይፈቅዱም ብሎ ዘጋው። በተከታዩ ዓመት ፓርላማው ያንን ጥንታዊ ወንጀል ከእንግሊዝና ከዌልስ ሕግ ሰረዘ።

ከሁሉ ይልቅ የማልስማማው ግን ለጄሪ በተሰጠው ቦታ ነው። በኦፔራው ውስጥ ሌላው ሁሉ ለማለት ይቻላል ሲዘምር እርሱ ካርዱን ይዞ ይናገራል። እውነተኛው ስፕሪንገር በ1944 ለንደን ውስጥ፣ ከቦምብ መጠለያ በሆነ የምድር ባቡር ጣቢያ፣ ከናዚዎች ካመለጡ አይሁድ ወላጆች የተወለደ፣ አያቶቹንም በናዚ ካምፖች ያጣ፣ ኋላም የሲንሲናቲ ከተማ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው። ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ ምን እንደሚሆን ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሰው፣ በመድረኩ ላይ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የአሜሪካ ነጭ ዘረኞች ማኅበር ሰዎች ተሰልፈው ሲጨፍሩ እያየ፣ እኔ አቅራቢ ብቻ ነኝ ማለቱ አንድ ሙሉ ኦፔራ የሚወጣው ጥያቄ ነበር። ዲያብሎስ ሲያፋጥጠው ጄሪ በምላሱ ያመልጣል፤ ደራሲዎቹም ማምለጫውን አስፍተው ሰጥተውታል፤ በመጨረሻም በዝግጅቱ ጠባቂ እቅፍ ውስጥ እንደ ደግ ሰው ይሞታል። ለእርሱም አንድ አሪያ ቢጻፍለት፣ እንደ እንግዶቹ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ቢያዘምሩት ኖሮ፣ ምን ሊል እንደሚችል ለመስማት እወድ ነበር።