አልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ ያለ ባለ ቁልፍ ስልክ

እዚህ ጎጃም ባሉ ሆስፒታሎች፣ በራጅ ክፍሉም ሆነ በአልትራሳውንዱ በር ላይ «ሞባይል ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን እንደ መሣሪያው ይለያያል፣ ያም ስለማይነገር አብዛኛው ሰው ስልኩን ድምፅ አልባ አድርጎ በኪሱ እንደያዘ ይገባል።

የራጁ ጉዳይ አጭር ነው። የስልክ ሞገድ የራጅ ምስልን አያበላሽም፤ በደረት ኪስ የተረሳ ስልክ ግን ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታይና ከኋላው ያለውን ሳንባ ስለሚሸፍን ምስሉ እንደገና ይነሣል፣ ታካሚውም በከንቱ ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል። በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ሥጋት ማግኔቱ ነው። ባለ 1.5 ቴስላው (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) መሣሪያ ከምድራችን መግነጢሳዊ ኃይል ከ30,000 እጥፍ በላይ ስለሚበረታ ስልኩን ሊስበውም ሊያበላሸውም ይችላል። ከሰውነት የሚቀበለው ምልክት እጅግ ደካማ በመሆኑም ክፍሉ የውጭ ሞገድ እንዳያስገባ ዙሪያውን በመዳብ ይለበጣል።

የኔትወርክ ሞገድ በግልጽ ሲረብሽ ያየሁት አልትራሳውንድ ላይ ነው። ከሸበል የመጡ አንድ አባት ኩላሊታቸው ሲታይ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር።

«አባባ፣ ስልክ ይዘዋል እንዴ?»

«ይዣለሁ ልጄ፣ ግን እኮ አይጮህም።»

በፌስታል የተጠቀለለችውን ባለ ቁልፍ ስልክ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ከአልጋው ርቃ መስኮቱ ጋ ስትቀመጥ መስመሮቹ ጠፉ።

ድምፅ አልባ የሆነ ስልክም ቢሆን ከአንቴናው ጋር መነጋገሩን አያቋርጥም፤ እንዲያውም ኔትወርክ በደከመበትና ግድግዳው ወፍራም በሆነበት ክፍል የሚልከውን ኃይል ይጨምራል። የሁለተኛው ትውልድ (2ጂ) ስልክ መልእክቱን የሚልከው በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ እየቆራረጠ ሲሆን፣ ጥሪ ሊገባ ሲል ሬዲዮ ላይ የምንሰማው ትርትርታ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በፕሮቡ (በታካሚው ሰውነት ላይ በምናንሸራትተው የአልትራሳውንድ እጀታ) ገመድ በኩል የገባው ይኸው ትርትርታ በስክሪኑ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። በ2 ዋት ሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ስልክ 1 ሜትር ላይ ወደ 8 ቮልት በሜትር የሚጠጋ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል፤ ብዙ የቆዩ የሕክምና መሣሪያዎች የተፈተሹት ግን 3 ቮልት በሜትር እንዲቋቋሙ ነው። መስኩ በርቀት ልክ ስለሚቀንስ 3 ሜትር ያህል መራቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በዚህ ስሌት፣ ራስጌ የቆመው አስታማሚ ስልክ ከታካሚው ስልክ አይተናነስም።

ደንቡን ደጋግመን የምንጥሰው ግን እኛ ባለሙያዎች ነን ብል አላጋነንኩም። በአንድ እጃችን ፕሮብ፣ በሌላው ስልክ ይዘን ስክሪኑን ፎቶ አንሥተን እዚያው በቴሌግራም ለስፔሻሊስት እንልካለን። ማማከሩን አልቃወምም፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል ብዙ ይረዳል። ሆኖም ካሜራ ኔትወርክ አይፈልግምና ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ማንሣት፣ ምስሉንም ከክፍሉ ወጥቶ መላክ ይቻላል።