ናማዙና አምባዛ

ታኅሣሥ 2017 ነው። ሌሊት እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «አልጋው ተወዛወዘ፤ ልጄን አቅፌ ደጅ ወጥቻለሁ» አለችኝ። ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ ነበር። ጎንደር ላይ ለእኔ ምንም አልተሰማኝም። የእሷ ድምፅ ግን እስኪነጋ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሳስበው ከረምኩ። እኛ የመሬት መንቀጥቀጥ እንላለን። ርዕደ መሬትም አለ። ግዕዙ ድልቅልቅ ይለዋል፤ ሲጠሩት ምላስ ራሱ ይናወጣል። ጃፓኖች ጂሺን ይላሉ። ጂ መሬት፣ ሺን መናወጥ ነው፤ ልክ እንደ እኛው። በተረታቸው ግን ሌላ ስም አለ፦ ናማዙ።

ናማዙ ማለት አምባዛ ነው። ይኸው ከጣና፣ ከጎርጎራ የሚመጣልን፣ ጢሙ የረዘመው ዓሣ! እናቴ ቅርፊት የለውም ብላ ከቤት አታስገባውም። በተረቱ ግዙፍ አምባዛ ከምድር በታች ተኝቷል። በካሺማ ቤተ መቅደስ የሚመለከው አምላክ በትልቅ ድንጋይ የዓሣውን ጭንቅላት ተጭኖ ይዞታል። አምላኩ ሲዘናጋ ዓሣው ይገላበጣል፤ ምድር ትናወጣለች። በጥንቱ ሥዕል አገሩን የከበበው ዘንዶ ነበር። አምባዛው በኋላ ነው ቦታውን የወሰደው። ለእኔ ይህ ይገባኛል። ዘንዶ ማን አይቶ ያውቃል? አምባዛ ግን ጭቃ ውስጥ ተደብቆ ድንገት ሲፈራገጥ ሁሉም አይቷል።

በ1855 እንደ ፈረንጆቹ ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በመንቀጥቀጥ ፈረሰች። ወዲያው የናማዙ ሥዕሎች እየታተሙ ተቸበቸቡ። በአንዳንዶቹ ሕዝቡ ዓሣውን ይደበድበዋል። በሌሎቹ አናጢዎች ያመሰግኑታል፤ ቤት ሲፈርስ ሥራ ያገኛሉና። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ሐዘኑንም ጥቅሙንም ሳይደብቁ አንድ ዓሣ ላይ አስቀመጡት።

እኛም አገር ደርሷል። ፋሲል ግቢ ውስጥ የኢያሱን ቤተ መንግሥት በ1704 እንደ ፈረንጆቹ መንቀጥቀጥ እንደጎዳው አስጎብኚዎች ይነግራሉ። ጣሪያ አልባውን ግንብ ሳይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን እዚያ የነበሩት ምን ብለው እንደጠሩት አስቤ አላውቅም ነበር።

ትናንት ለእህቴ ልጅ ተረቱን በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«አክስቴ፣ ድንጋዩ ትልቅ ነው?»

«ከላይ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ቆፍረው ግርጌውን አላገኙትም ይባላል።»

«እሺ» አለና ስልኩን ለእናቱ ሰጣት።