ከካዛንቺስ እስከ ፍልውሃ፦ የውሃና የመሬት ሠንጠረዥ እንዴት እንዳዘጋጀሁ

ከካዛንቺስ እስከ ፍልውሃ ባለው አካባቢ የትኛው የኢኮኖሚ ዘርፍ በምን ያህል መሬት ላይ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠቀም ለማዛመድ ስነሳ፣ በእጄ የነበሩት የመሬት አጠቃቀም ካርታና የጥቂት ሕንፃዎች የውሃ ክፍያ ደረሰኞች ነበሩ። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ካርታው «ቅይጥ አገልግሎት» ብሎ በአንድ ቀለም የቀባው ሕንፃ ከታች ካፌ፣ ከላይ ባንክና ክሊኒክ ይዞ ሁሉንም በአንድ ቆጣሪ ያጠጣል። ስለዚህ መለኪያዬን ከሕንፃ ወደ ፎቅ አወረድኩ፤ ውሃውንም በሮቶው መጠንና በሚሞላበት ድግግሞሽ ገመትኩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቆጣሪ የሚያሳየው የደረሰውን እንጂ የተፈለገውን አይደለም፤ በቦቴ የተገዛው ደግሞ ደረሰኙ ላይ የለም።

ይበልጥ ያደከመኝ ግንባታ ነው። በአንድ የቤዝመንት ቁፋሮ ዳር ፓምፑ የከርሰ ምድር ውሃ እየሳበ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቱቦ ሲለቅ፣ በዚያው ግቢ በር ላይ ቦቴ ለኮንክሪት ማጠጫ የሚሆን ውሃ ይገለብጥ ነበር። ይህን በአንድ አኃዝ ማጣፋት እውነቱን መደበቅ ስለሚሆን፣ ለእያንዳንዱ ዘርፍ የሚወስደውንና የሚያስወግደውን ለየብቻ መዘገብኩ።

ባንኮችና የመኪና ማቆሚያዎች ከቧንቧ የሚቀዱት ጥቂት ነው፤ ንጣፋቸው ግን ሦስተኛ ዓምድ አስፈለገው። በ1 ሄክታር ንጣፍ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 100 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል፤ አብዛኛውም ወደ መሬት ሳይሰርግ ወደ ወንዝ ይሮጣል። የፍልውሃ መታጠቢያዎችን ለብቻ አስቀመጥኳቸው፤ ከተማዋን በ1879 ዓ.ም. እዚህ ያስመሠረተው ሙቅ ውሃ ከቦታው ስለማይነሳ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ መሬቱን ራሱ ውሃው የመረጠለት ዘርፍ ይህ ብቻ ነው።

የቀረው በተዘዋዋሪ የሚመጣው ድርሻ ነበር። ኢኮኖሚስቱ ዋሲሊ ሊዮንቲየፍ ዘርፎች አንዱ ከሌላው የሚገዙትን በሠንጠረዥ ያሰሉበትን ዘዴ በትንሹ ወስጄ፣ የምግብ ቤቶችን ግዢ ወደ ኋላ ተከተልኩ። ጎመኑና ሰላጣው በከፊል የሚመጣው ከአቃቂ ወንዝ ዳር ማሳዎች ነው፤ ወንዙ ደግሞ ከመሃል ከተማ የሚወርደውን ፍሳሽ ተሸክሞ እነዚያኑ ማሳዎች ያጠጣል። የጥናቴን ክልል በወረዳ ድንበር ብወስነው ይህ መሬት ዜሮ ሆኖ ይቀር ነበርና በምግብ ቤቶች ረድፍ መዘገብኩት፤ በካርታው ላይ ጠባብ ቦታ የያዙት ምግብ ቤቶችም በመሬት ዓምድ ከባንኮቹ በለጡ።